የባጃጅን መሪና ሞላ ስለ መጠበቅና ስለ መጠገን

በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ የከተማ ሰው መጓጓዣ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ማንጎ ከጓሮ ወደ ገበያ፣ ማሽላና በቆሎ ከአውድማ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማኅበሩ መጋዘን ወደ ማሳ፣ ምጥ የያዛት እናትም ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት በእርሱ ነው። አንዳንድ ገበሬዎች ከሰብል ሽያጭ ባገኙት ገንዘብ ለብቻቸው፣ አንዳንዶቹም ከወንድምና ከዘመድ ጋር ሆነው ገዝተው ያሠሩታል። ገንዘቡ የብዙ ዓመት ላብ፣ የሚሳፈርበትም ሰው ስለ ሆነ፣ ስለ አያያዙ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ባለንብረቱ ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ለሞተሩ ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ሞተር ሲታመም ያጨሳል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ቆሞ ይቀራል። የቆመ ባጃጅ ግን ሰው አይገድልም። መሪና ሞላ እንዲህ አይደሉም። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየላሉ ይሄዳሉ፤ ነጂውም መላላታቸውን ይለምደዋል። የሚከዱትም ሜዳ ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ፣ ጭነቱ ሲበዛና መንገዱ ሲከፋ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ሞተሩ አንናገርም፤ የምንናገረው ስለ መሪው፣ ስለ ሞላውና ጎማዎቹን ስለ ያዙት ክንዶች ብቻ ነው።

ባጃጅ የሕንድ አገር ፋብሪካ ስም ሲሆን፣ የተሽከርካሪው ዘር ግን ከጣልያን ነው። የፒያጆ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ የተባለችውን ሞተር ብስክሌት፣ በ1948 ደግሞ አፔ የተባለውን ባለ ሦስት እግር ጭነት ተሸካሚ አወጣ። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ፣ አፔ ደግሞ ንብ ማለት ነው። ቬስፓን ያቀደው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአይሮፕላን መሐንዲስ ስለ ነበረ፣ የፊተኛውን ጎማ እንደ አይሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ እንዲያዝ አደረገው። የሕንዱ ፋብሪካም ከጣልያኑ ፈቃድ ወስዶ መሥራት ጀመረ። ይህን ታሪክ ያነሣነው ለወሬ አይደለም። ዛሬ በአሶሳ መንገድ ላይ የምታዩት ባጃጅ የፊት ጎማው የተያዘው በአንድ ወገን ክንድ ነው። ብስክሌት ላይ እንዳለው ግራና ቀኝ የሚይዝ ሹካ የለውም። ስለ ሆነም ያ አንዱ ክንድ፣ የክንዱ ማጠፊያ ብረትና በውስጡ ያሉት ቡሺንጎች የፊተኛውን ክብደት ሁሉ ለብቻቸው ይሸከማሉ። እነርሱ ሲበሉ የሚያግዛቸው ሌላ ወገን የለም።

ሥራቸውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። አህያ ስትጭኑ ከጭነቱ በታች ደልዳል ታደርጋላችሁ። ደልዳሉ ከሌለ የአህያዋ ጀርባ ይቆስላል፣ ጭነቱም ይንገጫገጫል። ሞላ የባጃጁ ደልዳል ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይታመቅና የምቱን ኃይል ይውጣል። ነገር ግን ሞላ የዋጠውን ኃይል መልሶ ይተፋዋል፤ ብቻውን ቢተው ባጃጁ እንደ ኳስ ሲነጥር ይውል ነበር። ይህን ነጠራ የሚገታው ሾክ አብዞርበር የተባለው ቱቦ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ስለሚያልፍ የሞላውን መፈናጠር ያዘገየዋል። ነጠራውን መግታት ለምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከመሬት የተነሣ ጎማ መሪም ፍሬንም አይሰማም።

መሪውን በሚመለከት፣ በበሬ የሚያርስ ሰው ወገሉ የላላበትን ሞፈር ያውቃል። እርፉን ወደ ቀኝ ቢገፋም ማረሻው ወዲያው አይከተለውም፤ መጀመሪያ ክፍተቱን ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ ይዞራል። የላላ መሪም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ በሬ ቀስ ብሎ መሄዱ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በአንድ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ያልፋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ገበያ የማይዋልበትን ቀን መርጣችሁ፣ ባጃጁን ደልዳላ ቦታ አቁሙት። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስደግፉ። ከዚያም ፊቱን በክሪክ አንሥታችሁ ከሥሩ ጠንካራ ግንድ አስገቡ። ክሪክ ሊንሸራተት ስለሚችል በክሪክ ብቻ በቆመ ባጃጅ ሥር እጅም ሆነ እግር ማስገባት አይገባም። አንድ ሰው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ክንዱን ከታች በኩል ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቀው። ቋ ቋ የሚል ነገር በእጁ ከተሰማው የመሪው ዘንግ ኩሺኔታ ልልቷል። ቀጥሎ ጎማውን ግራና ቀኝ ጠርዙን ይዞ ይወዝውዘው። ጎማው ብቻ ቢወዛወዝ የጎማው ኩሺኔታ፣ ጎማው ከነክንዱ ቢወዛወዝ የክንዱ ቡሺንግ ተበልቷል ማለት ነው። ይህን መለየት ጥቅም አለው፤ ሳይለዩ ሄደው ያልተበላውን ዕቃ የሚያስቀይሩ ብዙ ናቸውና።

ከዚህ በኋላ መሪውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በቀስታ አዙሩት። እንደ ቅቤ መዞር አለበት። መካከል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገባ ጎማ እንቅ ብሎ የሚይዝ ከሆነ፣ ብዮቹ የሚሽከረከሩባቸው ሳህኖች ተቦርቡረዋል። ለምን መካከል ላይ? ባጃጅ አብዛኛውን መንገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ የድንጋዩ ምት ሁሉ ብዮቹን በአንድ ቦታ ላይ እያሳረፈ ሳህኑን ይቀጠቅጠዋል። በጠጠር መንገድ ላይ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተከታትሎ የሚወጣው ሞገድ ለዚህ ዋናው ምክንያት ነው። እንዲህ የሆነውን በማጥበቅ ማዳን አይቻልም። ቢያጠብቁት መካከሉ ይላላል፣ ዳርና ዳሩ ይጠብቃል፤ ነጂውም መታጠፊያ ላይ መሪው አልመለስ ይለዋል።

የላላው ብቻ ከሆነና ሳህኑ ደኅና ከሆነ ግን ሥራው ቀላል ነው። ከላይ ያለውን መቆለፊያ ዳዶ አላሉ፤ ከሥሩ ያለውን ማስተካከያ ነቅናቄው እስኪጠፋ ድረስ አጥብቁ፤ ከዚያ በጣም ጥቂት መልሱት። ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ መሪውን በጣት ነካ ስታደርጉት በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት፤ ሆኖም ክንዱ ሲነቀነቅ ቋ ማለት የለበትም። ከዚያ ማስተካከያው እንዳይዞር ይዛችሁ መቆለፊያውን አጥብቁ። ለዚህ ዳዶ ጥርሱን የሚይዝ ልዩ መፍቻ አለው። መፍቻው ከሌለ በመሮና በመዶሻ መምታት በሁሉም ዘንድ የተለመደ ቢሆንም መጥፎ ልማድ ነው። ጥርሱ ይረግፋል፤ ሁለተኛም የሚይዘው አይገኝም። መፍቻውን አራት አምስት ባለንብረት አዋጥቶ ቢገዛው ለሁሉም ይበቃል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ክረምት ከመግባቱ በፊትና ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ የመሪው ዘንግ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። በአሶሳ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ሁለተኛው እጥበት ከሁሉ ይበልጣል። ቀይ አፈር ከውሃ ጋር ሆኖ ወደ ኩሺኔታው ከገባ ሲደርቅ እንደ ሞረድ ይፋቃል። ከመፍታታችሁ በፊት ንጹሕ ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፉ፤ ብዮቹ ሲወርዱ ይበተናሉና። የላዩንና የታቹን ለየብቻ ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ጻፉ። አንዲት ብይ ብትጎድል የቀሩት እየተራራቁ ሳህኑን ያበላሻሉ። ሁሉንም በናፍጣ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ያጠባችሁበትን ናፍጣ ግን ወንዝ ዳር ወይም ጓሮ አታፍስሱ፤ በቆርቆሮ አጠራቅሙት። ሳህኑን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለው ከነብዮቹ ይቀየር። አሮጌ ሳህን ላይ አዲስ ብይ፣ አዲስ ሳህን ላይም አሮጌ ብይ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው። ደኅና ከሆነ ለኩሺኔታ የተሠራውን ግሪስ በወፍራሙ ቀብታችሁ ብዮቹን በቁጥራቸው ደርድሯቸው፤ ግሪሱ ራሱ ይዞ ያቆያቸዋል። የተቃጠለ ዘይት በግሪስ ፋንታ የሚጠቀሙ አሉ። የተቃጠለ ዘይት ቀጭን ስለ ሆነ በሳምንት ፈስሶ ያልቃል፤ ይዞት የሚዞረውም የብረት ብናኝ አለ።

የክንዱን ማጠፊያ የግሪስ መግቢያ ጡት ካለው በየ15 ቀኑ፣ ወንዝ ከተሻገራችሁ ደግሞ በማግሥቱ፣ ጥቁሩ አሮጌ ግሪስ በዳር ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ ድረስ ግሪስ አጠጡት። ከማጠጣታችሁ በፊት የጡቱን አፍ ጥረጉ፤ አለዚያ ጭቃውን ራሳችሁ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ቡሺንግ ርካሽ ነው። በጊዜው ካልተቀየረ ግን ማጠፊያውን ብረት ይበላል፤ ማጠፊያው ደግሞ የክንዱን ቀዳዳ ሞላላ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሊቀየር ነው። መለዋወጫው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ፣ ባጃጁ ማንጎ በሚደርስበት ወራት ቆሞ ይሰነብታል።

ስለ ማንጎ ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ መግባቱ የታወቀው የማንጎ ነጭ ተባይ ከቦታ ቦታ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ቅጠልና ችግኝ ማጓጓዝ ነው። ፍሬውን ያለ ቅጠሉ ጫኑ፤ የባጃጁንም ወለል ከጓሮ ወደ ጓሮ ከመሄዳችሁ በፊት ጥረጉ።

ወደ ኋላ እንመለስ። የኋላዎቹ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክንድ፣ ሞላና ሾክ የተያዙ ናቸው። ሞላው መድከሙን በዓይን መገመት ያስቸግራልና በሽመል ዘንግ ለኩት። ባጃጁ አዲስ ሳለ ወይም ሞላው በተቀየረ ጊዜ፣ ባዶውን በሲሚንቶ ወለል ላይ አቁማችሁ ከመሬት እስከ ጎማው መሸፈኛ ጠርዝ ያለውን ቁመት ግራና ቀኝ በሽመሉ ላይ በቢላዋ ምልክት አድርጉ። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያው ወለል ለዚህ ይበቃል። ሽመሉን ቤት አስቀምጡ፤ በየወሩም አስተያዩት። ሁለቱም ወገን እኩል ዝቅ ካለ ሞላዎቹ ደክመዋል። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ወይ ሞላው ተሰብሯል ወይ ክንዱ ጎብጧል። ክንዱ መጉበጡን ለማወቅ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከመሪው ዘንግ ታችኛ ጫፍ መካከል እስከ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ መካከል በሲባጎ ለኩ። የአንድ ጣት ያህል ልዩነት ቢገኝ ባጃጁ በጎኑ እየሄደ ነው፤ ጎማውንም በአንድ ወገን ይበላዋል። ጎማው በአንድ ጠርዝ ሲበላ አይታችሁ ጎሚስታው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ለኩ።

ሾኩን ለመፈተን የባጃጁን አንድ ጥግ በሁለት እጅ ወደ ታች ገፍታችሁ ባንድ ጊዜ ልቀቁት። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ደኅና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ሾኩ አልቋል። ቱቦው ላይ አቧራ የያዘ ዘይት ቢታይም ያው ነው። የኋላዎቹ ሁለቱም ባንድ ላይ ይቀየሩ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የፈሰሰውን ሾክ በሞተር ዘይት ሞልቶ የሚሸጥ ቢያጋጥማችሁ አትግዙ። ዘይቱ ከልኩ ወፍራም ከሆነ ሾኩ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ምቱም በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል።

ሞላን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አይደረጉም። አንደኛው ብየዳ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ከጋለ በኋላ በልክ በመቀዝቀዙ ነው። ቢላዋ እሳት ውስጥ ወድቆ ቢወጣ ስለቱ እንደማይይዝ ሁሉ፣ የተበየደ ሞላም በብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ሁለተኛው ጭነት ለማብዛት ሲባል በሞላው ቀለበቶች መካከል ጎማ ወይም እንጨት መሰንቀር ነው። ባጃጁ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ነጂውም ሞላው የጠነከረ ይመስለዋል። ነገር ግን ያልተሰነቀረው ቀለበት የሁሉንም ሥራ ስለሚሠራ ቶሎ ይሰበራል፤ እርሱ ባይሰበር ክንዱ ወይም ክንዱ የተያያዘበት የሻንሲ ብየዳ ይሰነጠቃል።

ለጭነት ብቻ የተሠራው ባለ ሦስት እግር ሞተር ደግሞ ከኋላ በቅጠል ቅጠል የተደረደረ ባሌስትራ አለው። እዚያ ላይ መታየት ያለባቸው ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር ያሰሩት የፈረስ ኮቴ መሳይ ቡሎኖች ናቸው። እነርሱ ከላሉ ቅጠሎቹ እየተንሸራተቱ መካከላቸው ያለችውን ቡሎን ይቆርጧታል፤ አክሰሉም ወደ ኋላ ይሸሻል። አዲስ ባሌስትራ በተገባ በሳምንቱ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ አይረሳ። በባትሪ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ባለ ሦስት እግሮችም ሞተራቸው ይለይ እንጂ መሪያቸውና ሞላቸው በዚሁ መንገድ ይመረመራሉ።

መሪን የሚገድለው ግን ከመንገዱ ይልቅ ጭነቱ ነው ብለን እናምናለን። የሰው መጫኛው ባጃጅ የተሠራው ለነጂውና ለ3 ሰዎች ነው። አንድ ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን ሦስቱ 195 ኪሎ ይሆናሉ፤ ይህም ሁለት ኩንታል ያህል መሆኑ ነው። እንግዲህ ሁለት ኩንታል ማሽላ የጫነ ባጃጅ ሞልቷል፤ ከጆንያው ላይ የሚቀመጥ ሰው ትርፍ ነው። ጆንያው በቁመት ከመቆም ይልቅ ወለሉ ላይ ተጋድሞ፣ ከኋላ ጎማዎቹ መስመር በላይ፣ በገመድ ታስሮ ይጫን። ሦስት እግር ያለው ነገር ወደ ፊቱ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ነጂው እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ጠባቡ ጥግ ይወድቃል፤ ጭነቱ ከፍ ያለ ከሆነም ይገለብጠዋል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። የጎማ ነፋስም በፋብሪካው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ፣ የኋላዎቹ ሁለቱ እኩል ይሁኑ። ጭነት በዛ ተብሎ ጎማ እንደ ድንጋይ ቢነፋ ምቱን የሚቀበለው መሪው ነው።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህ ሁሉ የእናንተንም ሞተር ብስክሌት ይመለከታል። የመሪው ኩሺኔታ አሠራሩ አንድ ነው። የፊት ሹካው ቱቦ ላይ የደረቀ ጭቃ ካለ በየማታው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጭቃው የዘይት መያዣውን ጎማ የሚቆርጠው ሹካው ሲወርድ ሲወጣ ነው። በቀበሌያችሁም ስንት ባጃጅ እንዳለ ታውቃላችሁና፣ ባለንብረቶቹን በአንድ ቀን ሰብስባችሁ የአንዱን መሪ ፈትታችሁ ብታሳዩ፣ ካየው ሰው የማይረሳ ትምህርት ይሆናል። አንድ የግሪስ መግፊያና አንድ ክሪክ በማኅበሩ ቢቀመጡ ለሁሉ ይደርሳሉ።

ከማንኛውም የመሪ ጥገና በኋላ መጀመሪያ ባዶውን፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በቀስታ ንዱት። ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ አጥፉት፤ የፍሬን ገመድ የሚወጠር ወይም የሚያዝ ከሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ከዚያ ወርዳችሁ ዳዶዎቹንና ኮፒሊያዎቹን በእጅ ዳስሱ። ያገለገለች ኮፒሊያ መልሶ ማስገባት አይገባም፤ ዋጋዋ የአንድ ስኒ ቡና አይሞላም።

መንገድ ላይ ሳላችሁ የኋላ ሞላ ቢሰበር፣ ሰውም ጭነትም አውርዱ። በክንዱና በሻንሲው መካከል ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ በእግረኛ እርምጃ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ብቻ ሂዱ። መሪው ከላላ፣ ቢይዝ፣ ወይም የፊት ክንዱ ከተሰነጠቀ ግን አንድ እርምጃም ቢሆን አትንዱት። ከመንገድ ዳር አውጡት፤ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።